ከወሎ ወደ ውጭ ስትጓዙ የኪስ ገንዘብ በትንሽ ወጪ እንዴት ይያዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችው የጉዞ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ከምሠራው ሥራ ግማሹ ወረቀት መሙላት ነው፤ ግማሹ ጥያቄ መመለስ። ለዑምራ የሚሄዱ እናቶች፣ ከኮምቦልቻ ዱባይ ተመላልሰው ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች፣ ከወልድያና ከመርሳ አባታቸውን ለሕክምና ሕንድ የሚወስዱ ልጆች፣ ከላሊበላ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ የሚነሡ ምእመናን፣ ሁሉም «ስንት ዶላር ልያዝ?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ «ገንዘባችሁ እዚያ ደርሶ ዳቦ እስኪገዛ ስንት ጊዜ ይመነዘራል?» ብዬ እመልሳለሁ።

ይህን ነገር የወሎ ነጋዴ ድሮም ያውቀዋል። አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ ተጭኖ ሲመጣ፣ 1780 የተጻፈበት ማርያ ቴሬዛ ብር ቆላው አጠገብ ብዙ አሞሌ ይገዛ ነበር፤ ወደ ደጋው በተወጣ ቁጥር ግን ያው ብር የሚገዛው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። በየመንገዱ ቀረጥ ተቀባዩም ነጋዴውም የየድርሻውን ያነሣላ። ዛሬ በቀረጥ ተቀባዩ ቦታ የቆሙት ባንኩ፣ የካርድ ድርጅቱ፣ ኤቲኤሙና ምንዛሪ ቤቱ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ የእነሱን ቁጥር ስለ መቀነስ ናቸው።

በአጭሩ ንገረኝ፤ ርካሹ መንገድ የቱ ነው?

ውጭ ያለ ዘመድ በባንክ ዶላር የሚልክላችሁ ከሆነ፣ በስማችሁ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ከፍታችሁ ዶላሩን ወደ ብር ሳትለውጡ አስቀምጡት። ስትሄዱ ከዚያው ሒሳብ በካርድና በጥቂት ጥሬ ዶላር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከዚህ የሚረክስ መንገድ አላየሁም።

እንዲህ ያለ ዘመድ ከሌላችሁ ዶላሩን ከባንክ ትገዛላችሁ። ከዚያም ከፊሉን በቅድመ ክፍያ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ (ቀድማችሁ ዶላር በምትሞሉበት ካርድ)፣ ከፊሉን በጥሬው ትይዛላችሁ። የሁለቱ ድርሻ እንደምትሄዱበት አገር ይለያያል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባንኩ በእርግጥ ዶላር ይሸጥልኛል? እኔ ስጠይቅ «የለም» ነው ያሉኝ።

ለዓመታት የሚሰጠው መልስ «የለም» ስለነበር ብዙ ሰው ዛሬም ሳይጠይቅ ተስፋ ይቆርጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ዋጋ ለገበያው ሲለቅ ነገሩ ተለውጧል። በዚያ ቀን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን ቀጠለ። ጭማሪው ለተጓዥ ከባድ ነው፤ ግን ባንኮች በገበያው ዋጋ ዶላር መግዛትም መሸጥም እንዲችሉ አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ባንክ ላልሆኑ ምንዛሪ ቤቶችም ፈቃድ መሰጠት ጀመረ።

ፓስፖርት፣ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት ይዛችሁ ሒሳብ ያላችሁበት ባንክ ሂዱ። ለግል ጉዞና ለንግድ ጉዞ የሚፈቀደው መጠን ይለያያል፤ ጣሪያው በመመሪያ ስለሚሻሻል የዕለቱን ጠይቁ። የንግድ ፈቃድ ያላችሁ ፈቃዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ለእኛ ለወሎዎች አንድ ነገር ልጨምር። የደሴም ሆነ የወልድያ ቅርንጫፍ ጥሬ ዶላር ሁልጊዜ በካዝናው ላይኖረው ይችላል። ጥያቄው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ገንዘቡን «አዲስ አበባ ውሰዱ» ሊባል ይችላል። ካርድም ተሠርቶ እስኪመጣ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። በመጨረሻው ቀን ከኮምቦልቻ በርራ ቦሌ የደረሰች እናት፣ አውሮፕላኗ ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ለወረፋ ስትሯሯጥ ማየት ያሳዝነኛል፤ እንዲህ የቸኮለ ሰው ዋጋ አያወዳድርም።

የባንኩ ሰሌዳ ላይ ብዙ ቁጥር አለ። የእኔ የትኛው ነው?

«መግዣ» ባንኩ ከእናንተ ዶላር ሲገዛ የሚከፍለው ነው፤ «መሸጫ» ለእናንተ ሲሸጥ የሚያስከፍለው። ተጓዥ የሚመለከተው መሸጫውን ነው። ጥሬ ገንዘብና በሒሳብ የሚተላለፍ ዋጋም ለየብቻ ሊጻፍ ይችላል፤ የያዛችሁት ጥሬ ከሆነ የጥሬውን ረድፍ እዩ።

ከመሸጫው በላይ ኮሚሽን አለ፤ ሰሌዳው ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ዶላር ስንት ነው?» አይሁን። «500 ዶላር በእጄ እስኪገባ ከሒሳቤ በጠቅላላ ስንት ብር ይወጣል?» በሉ። ይህን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሦስት ባንክ ብትጠይቁ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ፒያሳ ላይ ባንኮቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ በግማሽ ሰዓት ይዳረሳል።

ሪያል ወይም ድርሃም በቀጥታ የሚሸጥ ባንክ ካገኛችሁ ዋጋውን በዚህ ፈትሹት። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ የታሰረ ነው፤ አይወጣም አይወርድም። ስለዚህ የዶላሩን መሸጫ ለ3.75 አካፍሉ። ለምሳሌ ዶላር 150 ብር ቢሸጥ ሪያል 40 ብር መሆን አለበት። 40 ወይም እሱን ጠጋ ያለ ከሆነ ሪያሉን እዚሁ ግዙ፤ አንድ ምንዛሪ ዘለላችሁ ማለት ነው። 43 ካሏችሁ ዶላሩን ገዝታችሁ እዚያ መመንዘር ይሻላል።

ልጄ ጅዳ ናት። ሪያሉን እሷ እዚያ ትስጠኝና ብሩን እኔ እዚህ ለወንድሟ ልስጥ?

ይህን የማይጠይቀኝ እናት የለም ማለት ይቻላል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ዐረብ አገር አለና። ልጅ ለእናቷ የምታወጣው ወጪ፣ የምታበላት፣ ኪሷ ውስጥ የምትከተው ሪያል ስጦታ ነው፤ አላህ ይጨምርላት። «እኔ እዚህ ሪያል ልስጥሽ፣ አንቺ እዚያ ብር ስጪ» ብሎ በዋጋ መነጋገር ግን ከባንክ ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ነው፤ ሕጉ ይከለክለዋል፤ ገንዘቡ መሐል ላይ ቢጠፋም የሚዳኝ የለም።

ሕጋዊው መንገድ ደግሞ ርካሽም ነው። በ2016ቱ መመሪያ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ በሕጋዊ መንገድ በተላከለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቅዷል። በፊት የዲያስፖራና የላኪዎች ብቻ የሚመስለን ነገር ነበር። ልጅቷ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ወር ቀድማ በባንክ ስትልክ፣ እናት ለባንኩ «ወደ ብር አትለውጡብኝ፣ በዶላር ሒሳቤ ይግባ» ትበል።

ጥቅሙን በቁጥር ላሳያችሁ። ልጅቷ 400 ዶላር ላከች እንበል። ባንኩ በመግዣ ዋጋ ወደ ብር ይለውጠዋል። ከሁለት ወር በኋላ እናት ያንኑ ብር ይዛ ዶላር ልትገዛ ስትሄድ በመሸጫ ዋጋ ከነኮሚሽኑ ትከፍላለች። በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ክፍተት ከነኮሚሽኑ አምስት ከመቶ ቢሆን 20 ዶላር ቀለጠ፤ ብሩ በሁለቱ ወር ከረከሰም ተጨማሪ ይሄዳል። ያው 400 ዶላር በዶላር ሒሳቡ ቢቀመጥ ኖሮ 400 ይሆን ነበር። ሃያ ዶላር 75 ሪያል ነው፤ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ቴምር ይገዛል።

ከጥቁር ገበያ ብገዛ አይረክስም?

አይረክስም። ባንክ ውስጥ ዶላር ባልነበረበት ዘመን ሰው አማራጭ ያጣ ነበር፤ ዋጋው ግን ያኔም ከባንኩ በላይ ነው። አሁን በሕጋዊው መንገድ እየተገኘ በድርድር የሚገዛ ሰው ሐሰተኛ ኖት፣ የተቀደደ ኖት፣ መወረስና ክስ አብሮ ይገዛል። ዶላር ይዞ ለመውጣት የባንክ ደረሰኝ ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል፤ ከመንገድ የተገዛ ዶላር ደረሰኝ የለውም። ለዓመታት ተጠራቅሞ የተያዘን የዑምራ ገንዘብ ለዚህ አሳልፋችሁ አትስጡ፤ እለምናችኋለሁ።

የያዝኩት የኤቲኤም ካርድ ላዩ ላይ «ቪዛ» ይላል። ውጭ አይሠራም? ቴሌብርስ?

ለብር ሒሳብ የተሰጠ የተለመደ ካርድ አገር ውስጥ ብቻ እንዲሠራ የተደረገ ነው። ላዩ ላይ ያለው ምልክት አያታልላችሁ። ውጭ የሚሠራው ባንኩ ለጉዞ ብሎ ዶላር የሚሞላበት ወይም ከውጭ ምንዛሬ ሒሳባችሁ ጋር የተያያዘው ካርድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የለመድነው ቴሌብርም መካ ሱቅ ውስጥ አይከፍልም። እዚህ ለቀሩት ቤተሰቦች ወጪ ለመላክ ግን ይጠቅማል።

(ለአገር መግቢያ ፓስፖርት ላይ የሚመታው ቪዛና ቪዛ የተባለው የካርድ ድርጅት በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። ባንክ ቤት «ቪዛ አለዎት?» ሲባሉ ካርዳቸውን የሚያወጡ ስላሉ ነው የጻፍኩት።)

ካርድ ይሻላል ወይስ ጥሬ ገንዘብ?

ሁለቱም፤ አንዱ ሲከዳ ሌላው እንዲያድን። ሆቴል፣ ትልልቅ ሱቅ፣ ፋርማሲ፣ ሆስፒታል በካርድ ክፈሉ። ታክሲ፣ ሻይ፣ ትናንሽ ሱቅ፣ ሰደቃና ምጽዋት በጥሬው። ጥሬውን ሁሉ አንድ ቦታ አታድርጉ፤ ግማሹ ከሰውነታችሁ ጋር፣ ግማሹ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን አብሯችሁ ከሚሄደው ቤተሰብ ጋር ይሁን።

በቅድመ ክፍያ ካርድ ሆቴል ስትገቡ አንድ ነገር ጠብቁ። እንግዳ መቀበያው ካርዱን ሲያንሸራትት ለመያዣ ብሎ ገንዘብ ሊያግድ ይችላል። አልቆረጠውም፤ ግን እስኪለቀቅ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ አትጠቀሙበትም። 300 ዶላር ብቻ ያለበት ካርድ ላይ 100ው ቢታገድ ጉዞው ይበላሻል። መያዣውን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ማሽኑ «በዶላር ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ የቱን ልጫን?

የአገሩን። ሁልጊዜ የአገሩን።

ይህን ከከሰርኩበት ልንገራችሁ። ዱባይ ዴራ ውስጥ ለወንድሜ ሰርግ ጨርቅ ስገዛ ሒሳቡ 735 ድርሃም መጣ። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዶላር 3.6725 ሆኖ የታሰረ ስለሆነ 200 ዶላር ማለት ነው። ልጁ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረው፤ ሁለት መስመር አለ፤ ከላይ 735 ድርሃም፣ ከታች 209 ዶላር። ካርዴ የዶላር ስለሆነ ዶላሩን መጫን ትክክል መሰለኝ፤ ልጁም በጣቱ እሱን አሳየኝ። ተጫንኩ። ደረሰኙን ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ሳይ ነው የገባኝ። ድርሃሙን ብጫን ኖሮ ባንኬ ለውጭ ክፍያ የሚቆርጣት ተጨምራ እንኳ 204 አትሞላም ነበር። የሱቁ ማሽን ምንዛሪውን ራሱ በፈለገው ዋጋ ሠርቶ ልዩነቱን ወሰደ።

ኤቲኤምም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ «ይህን የምንዛሬ ዋጋ ይቀበላሉ?» ብሎ። «አልቀበልም» ብትሉ ገንዘቡን የሚከለክላችሁ ይመስላል። አይከለክልም። ሥራው ይቀጥላል፤ ምንዛሪውን የሚሠራው የካርድ ድርጅቱና የራሳችሁ ባንክ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረክሰውም እሱ ነው። ማንበብ የማትችሉ እናቶች ሁለት መስመር ካያችሁ የሪያል ወይም የድርሃም ምልክት ያለበትን እንዲያሳዩዋችሁ አብሯችሁ ያለውን ልጅ አስጠንቅቁ።

ኤቲኤም ላይ በትንሽ በትንሹ ላውጣ ወይስ ባንዴ?

ክፍያው በየጊዜው ስለሚቆረጥ ባንዴ በርከት አድርጉ። ለምሳሌ ባንካችሁና ኤቲኤሙ ተደምረው በአንድ ጊዜ 5 ዶላር ቢቆርጡ፣ 50 ዶላር አሥር ጊዜ ያወጣ ሰው 50 ዶላር ከፈለ፤ 250 ሁለት ጊዜ ያወጣው 10 ብቻ። ታይላንድ ለሕክምና የምትሄዱ በተለይ ይህን ያዙ፤ እዚያ ያሉ ኤቲኤሞች በውጭ ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ ከ200 ባህት በላይ ያስከፍላሉ፤ ለ1,000 ባህትም ለ20,000ም ያው ነው።

የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ ያለውን ኤቲኤም፣ በሥራ ሰዓት ተጠቀሙ። ካርዱን ቢውጠው ገብታችሁ ትጠይቃላችሁ። ሌሊት ገበያ ማዕከል ውስጥ ብቻውን የቆመ ማሽን የዋጠውን ካርድ ማን ያወጣዋል?

ለዑምራና ለሐጅ ሪያሉን የት ልመንዝር?

ከአውሮፕላን ማረፊያ ውጭ። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ጅዳ እንደደረስን 300 ዶላር እዚያው መነዘርን። 1,125 ሪያል መሆን ሲገባው 1,050 ተቆጥሮ ተሰጠን። እናቴ በደረቷ ሸጉጣ የያዘቻቸው ሦስት መቶዎች ነበሩ፤ ለሰደቃ ብላ የለየችው ሪያል ያን ያህል ሲያንስ ፊቷ ላይ አየሁት። በማግስቱ መካ፣ ሐረሙ አካባቢ ካሉት ሰራፎች አንዱ ጋ 100 ዶላር በ373 ሪያል መነዘርን። ሁለት ሪያል ብቻ ተወሰደብን ማለት ነው። ያው ዶላር፣ ያው አገር፣ የአንድ ሌሊት ልዩነት።

ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴል የሚያደርሳችሁን ብቻ፣ 20 ወይም 30 ዶላር፣ እዚያ መንዝሩ። ሌላውን ከተማ ውስጥ። 375ን በቃላችሁ ያዙት፤ ለ100 ዶላር ከ370 በታች የሚል ሰራፍ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ በር እለፉ፤ ተርታውን ናቸው። ስትመነዝሩ ባለ 5ና ባለ 10 ሪያል ጨምሩልኝ በሉ፤ ለሰደቃና ለመንገድ ትልቅ ኖት አይመችም።

የሀድይ (የሐጅ እርድ) ገንዘብ በጉዞ ጥቅላችሁ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካልገባ በሳዑዲ መንግሥት በኩል አዳሂ በተባለው አሠራር ክፈሉ። መንገድ ላይ «በርካሽ አርድልሃለሁ» የሚል ሰው ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል።

ካርዱ ወለድ አለበት ወይ?

የቅድመ ክፍያ ካርድ ውስጥ ያለው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ ብድር የለውም፤ ስለዚህ ወለድ የሚታሰብበት ነገር የለም። የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ወለድ የሚያመጣው በዱቤ የሚሠራው ክሬዲት ካርድ ነው፤ ያንን እዚህ ለተጓዥ አይሰጧችሁም። የውጭ ምንዛሬ ሒሳቡንም ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት መክፈት ይቻል እንደሆነ ባንካችሁን ጠይቁ። ከዚህ ያለፈውን ሸሆቻችሁን አማክሩ፤ የእኔ ድርሻ አይደለም።

ሌሎች አገሮችስ?

ዱባይ፦ እንደ ሳዑዲው ነው። 367ን ያዙ፤ ለ100 ዶላር ከ362 በታች አትቀበሉ። ካርድ በየሱቁ ይሠራል።

ጅቡቲ፦ በባቲና በሚሌ አልፋችሁ በመኪና ለምትሄዱ፣ ፍራንኩ ለዶላር 177.7 ሆኖ ከ1973 እ.ኤ.አ. የታሰረ ነው። ጥሬ ዶላር ያዙ፤ ገበያው በጥሬው ነው የሚሠራው።

ሕንድ፦ ሩፒውን እዚያው መንዝሩ፤ «እዚህ ሩፒ አለኝ» የሚላችሁን አትስሙ። ከ5,000 ዶላር በላይ ጥሬ ከያዛችሁ ስትገቡ አሳውቁ። የምትመነዝሩበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ፤ የተረፈውን ሩፒ ወደ ዶላር ለመመለስ ይጠየቃል። ትልቁን የሕክምና ወጪ ግን በኪስ አትሸከሙ። የሆስፒታሉን የወጪ ግምት ደብዳቤ አስልካችሁ ባንኩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ እንዲያስተላልፍ ጠይቁ። አንድ የማውቀው ቤተሰብ የአባቱን የቀዶ ሕክምና ገንዘብ በሙሉ በጥሬው ይዞ ሄዶ፣ በየቀኑ ወደ ምንዛሪ ቤት ሲመላለስ አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ያ ድካም ከምንዛሪው ኪሳራ ይብሳል።

ኢየሩሳሌም፦ ዶላር ይዛችሁ ሼቀል እዚያ መንዝሩ። ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ምሽት ሰንበታቸው ስለሆነ ብዙው ምንዛሪ ቤት ይዘጋል፤ የስቅለት ዓርብ ደግሞ የእናንተም ዋና ቀን ነው። ሐሙስ ጨርሱ።

ቱርክ፦ ሊራ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ ዶላሩን ባንዴ አትመንዝሩ፤ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ የሚበቃችሁን።

አሜሪካና አውሮፓ፦ አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ አውሮፓ ደግሞ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከያዛችሁ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ኤምሬትስ ላይ መጠኑ 60,000 ድርሃም ነው፤ የሳዑዲውን የዕለቱን ጠይቁ።

ያረጀ ዶላር አለኝ፤ ይቀበሉኛል?

የአሜሪካ መንግሥት የድሮውን ኖት አልሻረውም፤ መንዛሪዎች ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ትንሽ ፊት ያለበትን የድሮ መቶ፣ ጥግ የተቀደደውን፣ ማኅተም ወይም የእስክሪብቶ ምልክት ያለበትን «አልቀበልም» ይላሉ፤ ከተቀበሉም ዋጋ ይቆርጣሉ። ባንክ ዶላር ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትለቁ አንድ በአንድ እዩት፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣውን፣ ሰማያዊ ክር ያለበትን መቶ ስጡኝ በሉ። ከዚያም አትጠፉት፤ መጽሐፍ ወይም ቁርኣን ውስጥ ዘርግታችሁ ያዙት። የመቶ ኖት ከአሥርና ከሃያ ይልቅ በብዙ ቦታ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ለመንገድ የሚሆን ጥቂት ዝርዝር ይበቃል።

ካርዱ ቢጠፋ ወይም የይለፍ ቁጥር በስልክ ቢላክስ?

በኢንተርኔት ስትከፍሉ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው እዚህ ወደ ነበረው የኢትዮ ቴሌኮም ሲማችሁ ነው። ያ ሲም እዚያ ካልሠራ ቁጥሩ አይደርስም። ከደሴ ሳትወጡ ሮሚንግ አስከፍቱ፤ የውጭ ሲም ብትገዙም የአገር ቤቱን አታውጡት። ጥሪ ካላነሣችሁና ዳታ ካጠፋችሁ መልእክት መቀበል ብዙ አያስወጣም።

የባንኩን የስልክ ቁጥር ከካርዱ ጀርባ ገልብጣችሁ ወረቀት ላይ ያዙ፤ ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋልና። ፒኑን ግን ወረቀት ላይ አትጻፉ። ካርዱን ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ባንኩ ራሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ሳይነቃ የሄደ ካርድ መዲና ላይ ፕላስቲክ ነው።

የተረፈኝን ምን ላድርግ?

ሳንቲሙን እዚያው ጨርሱት፤ ምንዛሪ ቤት ሳንቲም አይቀበልም። ሪያልና ድርሃም የእኛ ባንኮች ይገዛሉ፤ ባህትና ሩፒ ግን ለሚገዛ ባንክ መዞር ስለሚሆን ከመመለሳችሁ በፊት ወደ ዶላር ለውጡት። በቅርብ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ከቤቱ የሚሄድ ከሆነ ካርዱ ላይ የቀረውን ዶላር ወደ ብር አታስመልሱ፤ የአገልግሎት ጊዜው እስካላለፈ ይቆይላችሁ። ለወርኃዊ ወይም ለዓመታዊ ክፍያ የሚቆርጥበት ከሆነ ግን ወደ ውጭ ምንዛሬ ሒሳባችሁ እንዲመልሱት ጠይቁ። ጥሬ ዶላር ይዛችሁ ስትገቡ ቦሌ ላይ ለጉምሩክ አሳውቁና ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ባንክ ልታስገቡት ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።